ዘፈኑን የጻፈው ማነው?

ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት አራት የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ከላብራቶሪው ጀርባ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲዘፍኑ ሰማኋቸው። ክራር የለ፣ ኪቦርድ የለ። አንዱ ያቀነቅናል፣ ሌሎቹ በአፋቸው ከበሮም ጊታርም ሆነው ይቀበሉታል። ደወሉ ተደውሎ ክፍል መግባት ሲገባኝ ቆሜ ቀረሁ። ትዝ ያሉኝ የኒውዮርኮቹ "ቲንኤጀርስ" ናቸው። ዛሬ የእነሱን ታሪክ ላጫውታችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ሻይ ያዙ።

በ1950ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች ወጣቶች፣ በተለይ ጥቁሮቹ፣ መንገድ ዳርና ደረጃ ላይ ተሰብስበው ያለ መሣሪያ ይዘፍኑ ነበር። ግድግዳው ድምፃቸውን እያስተጋባ ስለሚመልስላቸው የትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤት ሳይቀር ይመርጣሉ። ይህ አዘፋፈን ኋላ ላይ "ዱ-ዎፕ" ተባለ። ስሙ የመጣው ተቀባዮቹ ከሚያሰሙት ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው።

ቲንኤጀርስ አምስት ነበሩ። ሼርማን ጋርንስና ጂሚ መርቸንት ጥቁሮች፣ ኸርማን ሳንቲያጎና ጆ ኔግሮኒ ፖርቶሪኮዎች። መጨረሻ የገባው ትንሹ ፍራንኪ ላይመን ነው። መጀመሪያ አቀንቃኙ ሳንቲያጎ ነበር። ፍራንኪ ግን ያንን ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፁን ሲያሰማ ቦታው የእሱ ሆነ።

"ዋይ ዱ ፉልስ ፎል ኢን ላቭ" የሚለው ዘፈናቸው በጆርጅ ጎልድነር ኩባንያ በኩል በ1956 መጀመሪያ ወጣ። ፍራንኪ ገና 13 ዓመቱ ነው፤ የእኛን ሰባተኛ ክፍል ልጆች አስቡ። ዘፈኑ በአሜሪካ የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፣ በእንግሊዝም አንደኛ። በ1957 ለንደን ፓላዲየም ድረስ ሄደው ዘፈኑ።

ወዲያው ግን አለቆቹ ፍራንኪን ለብቻው ማስዘፈን ፈለጉ። በዚያው ዓመት ፍራንኪ ከቡድኑ ተለየ። በአላን ፍሪድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ደግሞ ከነጭ ልጃገረድ ጋር ሲጨፍር በመታየቱ የደቡብ ጣቢያዎች ተቆጡ፣ ዝግጅቱም ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ። ድምፁ ጎረመሰ፣ ሕዝብ ረሳው፣ ሄሮይን ያዘው። የካቲት 1968 በአያቱ ቤት መታጠቢያ ክፍል ሞቶ ተገኘ። 25 ዓመቱ ነበር።

ታሪኩ እዚህ አላበቃም። በ1981 ዳያና ሮስ ዘፈኑን እንደገና ስትዘፍነው ብዙ ገንዘብ መጣ። ሦስት ሴቶች "ሚስቱ እኔ ነኝ" ብለው ፍርድ ቤት ቆሙ። በመጨረሻ ለኤሚራ ኢግል ተፈረደ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላው ክስ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ላይ የሳንቲያጎ ስም ከደራሲዎቹ ጋር ነበረ። ኋላ ጠፋና የፍራንኪና የጎልድነር ብቻ ቀረ። ጎልድነር የቁማር ዕዳ ውስጥ ገብቶ ኩባንያዎቹን ለሞሪስ ሌቪ ሲሸጥ ደግሞ የጎልድነር ስም ወጥቶ የሌቪ ገባ። አያችሁ? አንድም ስንኝ ያልጻፈ ሰው ደራሲ ሆነ! ጋርንስና ኔግሮኒ በ1970ዎቹ ሞቱ። ሳንቲያጎና መርቸንት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ከሰሱ። በ1992 ዳኞች "አዎ፣ ከፍራንኪ ጋር የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ" አሏቸው። በ1996 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሻረው። ምክንያቱ? ይርጋ። በሦስት ዓመት ውስጥ መክሰስ ነበረባችሁ ተባሉ። አልጻፋችሁም አላላቸውም፤ ዘገያችሁ ነው ያላቸው።

ይህን ሳነብ ሌቪን ብቻ መርገም አቃተኝ። ከስድስት ዓመት በፊት ሚኒ ሚዲያውን የማስተባብረው እኔ ነበርኩ። ለወላጆች በዓል ሁለት ልጆች አንድ መዝሙር አብረው ጽፈው አመጡ። መድረክ የወጣችው ድምፅ ያላት አንዷ ናት። እኔም ማይኩን ይዤ "ግጥምና ዜማ" ብዬ የእሷን ስም ብቻ ጠራሁ። ሌላኛዋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ትሰማ ነበር። በማግስቱ ምንም አላለችኝም። ግን ከዚያ ወዲህ ክበቡ ደጃፍ አልደረሰችም። ላናግራት እያሰብኩ፣ ነገ ዛሬ ስል አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ሄደች።

ልጄ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ መዝሙሩን የጻፋችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። እኔ ጋ ይርጋ የለም።

ትናንት እነዚያን አራት ልጆች ጠርቼ "ዜማውን ማን አወጣው?" አልኳቸው። እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። "ሁላችንም ነን ቲቸር።"

"እንግዲያው ደብተር አውጡና አራታችሁም ስማችሁን ጻፉ። ቀንም አድርጉበት" አልኳቸው።

ጻፉ። ቸር እንሰንብት።