ጎንደር ደርሶ መልስ

«አባዬ፣ እዚህ አገር ፓርክ የለም?» አለችኝ ትንሿ ልጄ። የ2005 ዓ.ም. ጥምቀት ማግስት ነው። ቢቸና አያቷ ቤት አራት ቀን ቆሎ ስትቆረጥምና ጥጃ ስታባርር ሰንብታ ሰልችቷታል። አዲስ አበባ ቢሆን ቦሌ ወስጄ፣ ትኬት ቆርጬ፣ የሚሽከረከረው ነገር ላይ አስቀምጬ እገላገላት ነበር። «አለ፤ ግን ድንበር መሻገር አለብን። ጎንደር ነው» አልኳት። እናቴ ከምድጃው ዳር ቀና ብላ አየችኝና «ነገ ሄደህ መቼ ልትመለስ ነው?» አለች። «ማታ» ስላት ዝም አለች።

ከታላቅ ወንድሟ ጋር ይዣት በሌሊት ተነስተን በደብረ ወርቅና በግንደ ወይን አድርገን ሞጣ ገባን። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋቢውን ተከናንቦ ዱላውን ይዞ ጊዮርጊስ አጠገብ ይጠብቀናል። መኪናው ከሚቆምበት ቁልቁል በእግር ነው። ደጋው እየራቀ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ፣ ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው እኔን አሸከሙኝ። ታች ስንደርስ የጎጃምና የጎንደር ድንበር የሆነው አባይ በገደል መካከል ጠቦ ይወርዳል። በላዩ ላይ ሰባራ ድልድይ።

ብዙ ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ይህ ስም ያናድደኛል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከጢስ አባይ አጠገብ አላታ ላይ ለተሠራው ስሙ ሊቀርበው ይችል ይሆናል። የሞጣው ግን የሚባለው የልጁ የፋሲል ሥራ ነው። ፋሲል ደግሞ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሠ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የፖርቱጋል ካቶሊክ ሚስዮናውያንን ከአገር ያስወጣ ንጉሥ ነው። ካባረራቸው በኋላ ያስገነባውን ድልድይ መልሶ ለእነሱ መስጠት ምን ይሉታል? የአገሩ ሰው ፋሲል ሰባት ድልድይ ሠራ ይላል፤ ኖራውም በእንቁላል ተለውሷል ይላል። ልጄ ይህን ስትሰማ ድንጋዩን አሸተተችው።

ድልድይ ሳይኖር ጎጃም በክረምት ደሴት ነበር ማለት ይቻላል። አባይ ሲሞላ የሚሻገረው የደፈረ ብቻ ነው፤ ዕቃው በጀንዴ ተጠቅልሎ ይታሰርና ዋናተኞች እየገፉ ያሻግሩታል፤ በቅሎ በራሷ ትዋኛለች፤ አዞው የሚወስደውን ይወስዳል። ድልድዩ ሲቆም ከበጌምድር የሚመጣው ነጋዴ፣ ወደ ቆሎ ትምህርት ቤት የሚሻገረው ተማሪ፣ ሙሽራውና ሽፍታው ሳይቀር እግሩ ሳይረጥብ አለፈ።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት የሰበርነው እኛው ነን። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ አርበኞች ለጠላት መንገድ አይሁን ብለው መካከሉን አፈረሱት። ቢቸና ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው አርበኛውን በላይ ዘለቀን ነው የሚያስበው። ሴት አያቴማ ከዚያ ዘመን የተሰበረውን ሁሉ፣ ድልድይም ሆነ ጋን፣ ለበላይ ነበር የምትሰጠው። ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ። ስብራቱ ግን ከስልሳ ዓመት በላይ ቆየ። በላይም በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል፣ የሞጣ ሴቶች ገና በገመድ ይሻገሩ ነበር።

አጎቴ በዚያ ገመድ ተሻግሯል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ለልጆቹ በእጁ እያሳየ ነገራቸው። «ወገብህን ያስሩሃል። ወዲህ ያሉት ይለቃሉ፣ ወዲያ ያሉት ይስባሉ። መካከል ላይ ስትደርስ ገመዱ ይረግባል፤ ያኔ ታች አይታይም።»

«ስንት ያስከፍላሉ?» አለው ወንዱ ልጄ።

«እንደ ሰውዬው ነው። ወፍራም ከሆነ ይጨቃጨቃሉ።»

እኔን ግን ያሳቀኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለመሻገር የከፈለው ማዶ ያለች በቅሎ ሊገዛ ሆኖ፣ በቅሎዋ በገመድ ስለማትሳብ በሩቅ ዞራ መጣች፤ እሱ ሞጣ ሆኖ ሁለት ሳምንት ጠበቃት።

አንድ አሜሪካዊ፣ ኬን ፍራንትዝ፣ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ እንዲህ በገመድ እየተጎተተ የሚሻገር ሰው ፎቶ አየ። አይቶም አላለፈም፤ ሰው አሰባስቦ መጣና በ1994 ዓ.ም. ስብራቱ በብረት ተጋጠመ። ደስታው ሦስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በ1997ቱ ክረምት አባይ ሞልቶ ብረቱን ጠራርጎ ወሰደው። በ2001 ዓ.ም. ከፍ ብሎ፣ በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አባይን በበርሃው በኩል፣ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን በመኪና የምናቋርጥ ሰዎች በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ ሲከፈት ጉድ ብለናል፤ ለሞጣና ለአንዳቤት ገበያተኛ ግን ጉዱ ይህኛው ነበር።

ልጆቹ ወደ ሽቦው ድልድይ ሮጡ። መካከል ሲደርሱ ተወዛወዘ። «ዥዋዥዌ ነው!» ብላ ጮኸች ትንሿ። ከማዶ አንዲት ሴት የገብስ ከረጢት አዝላ ስትመጣ ልጆቹ እየዘለሉ ያወዛውዙታል። ቆም አለች፤ የሽቦውን መያዣ ጨበጠች፤ «እናንተ ልጆች፣ ቆይ እንጂ፣ ልለፍ» አለች። ሳይቆጡ ሰው የሚያሳፍሩበት የዚያ አገር አነጋገር ነው። አፍሬ ልጆቼን ጎተትኳቸው። እሷ ስታልፍ አጎቴ ሰላምታ ሰጣት፤ ገበያው እንዴት ዋለ ተባባሉ፤ ስለማያውቁት ሰው ለቅሶም አወሩ።

ማዶ ተሻግረን ዛፍ ጥላ ሥር ዳቦና ጥብስ በላን። ልጄ ዙሪያውን አየችና «ጎንደር ይኼ ነው?» አለች። ያው ገደል፣ ያው ግራር፣ ያው አነጋገር። ለመመለስ አምስት ጊዜ ተሻግራ ካልሆነ አልሄድም አለች፤ አምስት ጊዜ ተሻገረች። ትኬት የለ፣ ወረፋ የለ።

ዳገቱ ግን ገደለን። ትንሿን በተራ አዘልናት፤ ሞጣ ላይ አጎቴን አውርደን ቢቸና ስንገባ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። እናቴ ኩራዟን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«የት ደርሳችሁ መጣችሁ?»

«ጎንደር» አለቻት ልጄ፣ ጀርባዬ ላይ ሆና፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አምስት ጊዜ።»