ሁለት አድባራት፣ አንዲት ንግሥት፦ ቍስቋምና ናርጋ ሥላሴ

በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ ጠረፍ የሚገኘው የሞን ሳን ሚሼል ገዳም ባሕሩ ሲሞላ በውሃ ይከበባል፤ ሲጎድል ዙሪያው አሸዋ ይሆናል። የጣና ሐይቅ ግን ዕለታዊ ሙላትና ጉድለት የለውም። ክረምቱ ሲያበቃ ከፍ፣ ቀጣዩ ክረምት ሊገባ ሲል ዝቅ ይላል። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ውሃው ለገዳም የሰጠው ከለላ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህ ከለላ ለጎንደር ዘመን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ አንባቢ ምን እንዳቈየለት በአንድ ምሳሌ ማመልከት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ምሳሌው የእቴጌ ምንትዋብ ሁለት አድባራት ናቸው። ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ባለቤት ስትሆን፣ ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ በነገሠበት ዘመን (1730–1755) የመንግሥቱን ሥራ በሞግዚትነት መርታለች። ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኰረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቍስቋምን ከነቤተ መንግሥቷ አሠራች። በጣና ላይ ደግሞ በደቅ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ ናርጋ ሥላሴን አሳነጸች። አሠሪዋ አንዲት፣ ዘመኑም አንድ ነው። የሁለቱ ዕጣ ግን ተለያየ።

ቍስቋም የከተማዋን መከራ ተካፍሏል። በ1866 ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ባሕር ተሻገሩ። በ1888 ደግሞ ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ቍስቋምም አብሮ ተቃጠለ። ዛሬ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በኋላ የተሠራ ሲሆን፣ ከእቴጌይቱ ቤተ መንግሥት የቀረው ፍርስራሽ ነው።

ናርጋን ለማየት ከጎንደር የሚነሣ ተጓዥ በስተ ደቡብ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ጎርጎራ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ይሻገራል። በደሴቱ የሚያገኘው የድንጋይ ቅጥርና የበር ግንብ ከጎንደር አብያተ መንግሥት የሕንፃ ስልት ጋር የሚዛመድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ሲሆን የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል። ከሥዕሎቹ መካከል ምንትዋብ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር በግንባሯ ተደፍታ የምትታይበት ይገኛል። ያች ነገሥታትን ያነገሠች ሴት በራሷ ደብር ግድግዳ ላይ የመረጠችው ቦታ ይህ ነው።

እዚህ ላይ የሥነ ጽሑፍ ተማሪን የሚመለከት ቁም ነገር አለ። የዳግማዊ ኢያሱ ዜና መዋዕል ስለ ቍስቋም መሠራትና ማጌጥ በስፋት ይተርካል። ጸሐፊው የቤተ መንግሥት ሰው ስለ ሆነ ውዳሴው ከልማድ የመጣ ማጋነን ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የተወደሰው ሕንፃ የለምና። ናርጋ የቍስቋም ቅጂ አይደለም። ሆኖም የዚያችው አሠሪ ፍላጎትና የዚያው ዘመን ጥበብ በዓይን የሚታይበት በመሆኑ፣ ለዜና መዋዕሉ እንደ አንድምታ ሊያገለግል ይችላል። ናርጋን ያየ አንባቢ የጸሐፊውን ቃል ቢያንስ በችኰላ አያጣጥልም።

ይሁን እንጂ ቅርሱን ያቈየው ውሃው ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። በ16ኛው መቶ ዘመን የኢማም አሕመድ ወታደሮች በሰሜናዊ ጣና ወደምትገኘው ገሊላ ደሴት ተሻግረው ዘርፈዋል። ውሃ ጠላትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ከውሃው በተጨማሪ መጻሕፍቱን ሸሽገውና ጠብቀው ለትውልድ ያስተላለፉት መነኰሳት ድካም መታሰብ አለበት።

ሌላው ጥያቄ፣ መጻሕፍቱ በፊልም ከተነሡ ወዲህ ወደ ደሴቶቹ መሄድ ምን ይጠቅማል? የሚል ነው። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቷል። ሴት የማትገባበትን የዳጋ እስጢፋኖስን መጻሕፍት የሚዘረዝረው ካታሎግ በ1999 የወጣው በአንዲት ሴት ምሁር፣ በቬሮኒካ ሲክስ፣ አዘጋጅነት ነው። ይህ የፊልሙን ጥቅም አጕልቶ ያሳያል፤ ደጁ የተዘጋባት አንባቢ መጽሐፉን አገኘችው። ቅጥርና በር፣ የሥዕል ስፋትና የመቅደስ ብርሃን ግን በፊልም ጥቅል አይመጡም። ለእነዚህ መሻገር ያስፈልጋል። ናርጋ ደግሞ ለሴትም ለወንድም ክፍት ነው።

ስለዚህ የጎንደርን ዘመን ጽሑፍ የሚያጠና ተማሪ ዜና መዋዕሉን ይዞ በመጀመሪያ የቍስቋምን ፍርስራሽ፣ ቀጥሎ ናርጋን ቢጐበኝ መልካም ነው። አንደኛው የጠፋውን መጠን፣ ሁለተኛው የጠፋውን መልክ ያሳዩታል። ጽሑፉም በሁለቱ መካከል ሲነበብ የተሻለ ይገባል።