ኢኮካርዲዮግራፊ

ኢኮካርዲዮግራፊ፣ በተለምዶ «ኢኮ»፣ የልብን አሠራርና የደምን ፍሰት ቆዳ ሳይበሱና ቱቦ ወደ ደም ሥር ሳያስገቡ በአልትራሳውንድ፣ ማለትም የሰው ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ፣ የሚለካ የምርመራ ዘዴ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. በስዊድን ሉንድ ከተማ ሐኪሙ ኢንገ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትስ፣ ከማልሞ የመርከብ ፋብሪካ በተዋሱት የብረት ስንጥቅ መፈተሻ መሣሪያ የልብን እንቅስቃሴ በመመዝገብ ጀመሩት።

ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ፣ ጄል የተቀባው መሣሪያ በጎድን አጥንቶቹ መካከል ሲያርፍ፣ ከልብ ግድግዳዎችና ከቫልቮች ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ በስክሪን ላይ ምስል ይሆናል። የደም ፍጥነት የሚታወቀው ግን በዶፕለር ስልት ነው፤ ከሚንቀሳቀሱ የደም ሕዋሳት የሚመለሰው ሞገድ ድግግሞሹ ስለሚለወጥ፣ ከለውጡ ፍጥነቱ ይሰላል። በጠበበ ቫልቭ የሚያልፈው ደም ፍጥነት በራሱ፣ ከዚያም በ4 ሲባዛ የግፊቱን ልዩነት በግምት ይሰጣል፤ በሴኮንድ 4 ሜትር የሚፈስ ደም የ64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ልዩነትን ያመለክታል። ቀድሞ ቱቦ ልብ ውስጥ በማስገባት ይገኝ የነበረውን መረጃ ያለ ሥቃይ ማስገኘቱ የዘዴው ታላቅ ውለታ ነው። ሆኖም ጨረሩ ከደሙ አቅጣጫ ጋር ካልተጣጣመ ፍጥነቱ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ስለሚነበብ፣ ውጤቱ በመርማሪው ችሎታ ላይ በእጅጉ ይመሠረታል። የቁርጥማት የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን በሚያጠቃባት ኢትዮጵያም የቫልቭ ጉዳት በዋነኛነት የሚረጋገጠው በዚሁ ምርመራ ነው።