ስምንተኛው ሰርቨር

የሶፍትዌር ታሪክ ሲወራ ስማቸው የሚነሣው አንድ ነገር የፈጠሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ባክኤንድ ላይ፣ ማለትም ደንበኛው በማያየው ጓዳ በኩል የምሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ደጋግሜ የማነበው ስላልተጠረገ ጓዳ የሚናገር ታሪክ ነው።

ናይት ካፒታል በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ስመ ጥር የሆነ አገበያይ ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው በተከፈተ በ45 ደቂቃ ውስጥ ያደረሰበት ኪሳራ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዓመታት በፊት ነው። የደንበኞችን ትእዛዝ ወደ ገበያ የሚልከው ፕሮግራም ውስጥ ፓወር ፔግ የሚባል አሮጌ ተግባር ነበር። በ2003 መጠቀም አቆሙ፤ ኮዱን ግን አላጠፉትም። በ2005 ደግሞ የተገበያየውን እየቆጠረ «በቃ» የሚለውን ክፍል ከቦታው አነሡት። ከዚያ በኋላ ፓወር ፔግን መልሶ የሞከረው የለም። ማን ይሞክረዋል? ሞቷል ተብሏላ!

በ2012 አዲስ ኮድ ሲጽፉ፣ ድሮ ፓወር ፔግን ያስነሣ የነበረውን ምልክት ለአዲሱ ሥራ ሰጡት። ኮዱ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት፤ አንዱ ተረሳ።

ገበያው ሲከፈት ሰባቱ ሰርቨሮች ምልክቱን በአዲሱ ትርጉም አነበቡት፤ ስምንተኛው በድሮው። «በቃ» የሚለው ስለሌለ 212 ትእዛዞች ወደ 4 ሚሊዮን ግብይት ተባዙ። ባለሙያዎቹ ጥፋቱ የአዲሱ ኮድ መስሏቸው ከሰባቱ ላይ ነቀሉት። ያኔ ሰባቱም እንደ ስምንተኛው ሆነው አረፉት።

ደግሞ እኮ ሲስተሙ ተናግሮ ነበር። ገበያው ሳይከፈት ስሕተቱን የሚጠቅሱ 97 ኢሜይሎች ለሠራተኞች ደርሰዋል። እንደ ማስጠንቀቂያ የታሰቡ ስላልነበሩ ግን ትኩረት የሰጣቸው አልነበረም።

እኛ ዘንድ አንድ ነገር ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማነው ያበላሸው?» ነው። እዚህም መልሱ ቀላል ይመስላል፦ ሰርቨሩን የረሳው ቴክኒሻን። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ውሳኔ ግን የቴክኒሻኑን ስም አልጠራም። የጻፈው፣ ሥራውን ሁለተኛ ሰው እንዳላየውና እንዲያየው የሚያዝ የተጻፈ ደንብም እንዳልነበረ ነው። 12 ሚሊዮን ዶላር የተቀጣውም ድርጅቱ ነው። ናይት በዚያው ዓመት ጌትኮ ከተባለ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ።

ሰው ይረሳል። ስለዚህ ጭነቱን በእጅ ሳይሆን በስክሪፕት ማድረግ፣ ሁሉም ሰርቨር አንድ ዓይነት ኮድ መያዙን ማረጋገጥ፣ ወደ ኋላ መመለስንም ቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ማጥፋት ነው። ለሥራ ስንወዳደር ኮድ መጻፍ እንፈተናለን፤ የትኛውን እንደምናጠፋ የጠየቀኝ ቀጣሪ እስካሁን አልገጠመኝም። አሮጌውን ኮድ «ምን ያደርጋል፣ ይቀመጥ» የሚል ባልደረባ ሲኖር፣ የናይትን ዘጠኝ ዓመት እነግረዋለሁ።