ማን ተጠየቀ?

በ1955 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) አሜሪካ ውስጥ ስለ ወሊድ መከላከያ አጠቃቀም አንድ ትልቅ አገር አቀፍ ጥናት ተካሄደ። የተጠየቁት ከ18 እስከ 39 ዓመት የሆኑ ያገቡ ነጭ ሴቶች ብቻ ነበሩ። ጥቁር ሴቶች አልተጠየቁም፤ ያላገቡ ወጣቶችም እንደዚያው። ያላገባች ልጅ እዚህ ነገር ውስጥ የለችበትም ተብሎ ይታሰባላ! ብትኖርበትስ ማን ደፍሮ ይጠይቃታል?

ችግሩ፣ ያልተጠየቀ ሰው አይቆጠርም። ላልተቆጠረ ሰው ደግሞ ማንም በጀት አይዝም።

ይህን የለወጡት የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሜልቪን ዜልኒክና ጆን ካንትነር ናቸው። በ1971 ከ15 እስከ 19 ዓመት የሆኑ ልጃገረዶችን፣ ያገቡትንም ያላገቡትንም፣ በመላ አገሪቱ ጠየቁ። ግንኙነት ከጀመሩት ብዙዎቹ መከላከያ የሚጠቀሙት አንዳንዴ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በወር አበባ ዑደት ውስጥ እርግዝና የሚፈጠርበትን ጊዜ በትክክል የማያውቁትም ብዙ ነበሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያላገቡ ሰዎች መከላከያ የማግኘት መብት አላቸው ብሎ የወሰነው ከዚያ በኋላ፣ በ1972 ነው።

መንግሥት ግን ቶሎ አልተከተላቸውም። በ1973 የጀመረው የራሱ ጥናት ልጅ የሌላቸውን ያላገቡ ሴቶች ትቷቸው ነበር። ሁሉንም ያካተተው በ1982 ነው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ያተኮረ አገር አቀፍ ጥናትማ እስከ 1988 ቆየ።

ወደ እኛም አገር የመጣው መለኪያ ከዚሁ ታሪክ ጋር ይዛመዳል። እስከ 2025 በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ በብዙ አገሮች ሲካሄድ የነበረው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ2000 ነው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች፣ ያገቡም ያላገቡም፣ ተጠይቀዋል። ሆኖም በብዛት የሚጠቀሰው ያገቡት ቁጥር ነው፤ በ2016 ከነሱ 36 በመቶው መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ሳያገቡ ግንኙነት ካላቸው ሴቶች መካከል ግን 58 በመቶ። ይህም የተሰላው «አዎ፣ ግንኙነት አለኝ» ብለው ከተናገሩት ነው። ዝም ያለችው የለችበትም።

ለጤና ጣቢያ ነርስ ደግሞ እነዚህ ቁጥሮች ብቻቸውን አይበቁም። ጥናቱ «አሁን ትጠቀሚያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። እሷ ግን ሌላም ማወቅ አለባት፦ ባለፈው ጊዜ ተጠቅማችኋል ወይስ አልተጠቀማችሁም? በዚህ ሳምንት ስንት እንክብል ረሳሽ? የሦስት ወሩ መርፌ ቀኑ አልፎበታል? ኮንዶም ይኑር አይኑር የሚወስነው ማነው? «እጠቀማለሁ» ያለች ልጅ እነዚህን ስትጠየቅ ሌላ ታሪክ ሊወጣ ይችላል። የሚወጣው ግን በሩ ተዘግቶ፣ እናት ውጭ ሆና፣ ነርሷም ሳትቆጣ ስትጠይቅ ነው።

የ1955ቱ ወንፊት ዛሬም በአንድ ቃል ሊመለስ ይችላል። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ፈራ ተባ እያለች ገብታ ገና ሳትቀመጥ «አግብተሻል?» ከተባለች፣ የሚቀጥለውን ጥያቄ መልሷን አታገኙትም።