«የተገኘ» ወይስ «የተገዛ»? መርካቶና የቁስ ትዝታ በዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ

መግቢያ

መርካቶ ለሥነ ጽሑፋችን እንግዳ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «አይ መርካቶ» የሚል ግጥም ገጥሞለታል፤ በልብ ወለድም የግርግርና የኑሮ ትግል መድረክ ሆኖ ይታወቃል። በሥነ ጥበብ ታሪክ ረገድ ግን መርካቶ የሚሣል ትዕይንት ብቻ ሳይሆን ሥራው ራሱ የሚሠራበት ቁስ ምንጭ መሆኑ እስካሁን በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስልም።

ይህ ጽሑፍ ከአንድ ስያሜ ይነሣል። በአውሮፓ የሥነ ጥበብ ታሪክ፣ ሠዓሊው ራሱ ሳያበጀው ከአካባቢው አንሥቶ ለሥራው የሚያውለው ነገር «የተገኘ ዕቃ» ይባላል። ይኸው ስያሜ ለኤልያስ ስሜና ለመሰሎቹ ሥራዎችም ሲሰጥ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፤ ከመርካቶ የመጣ ዕቃ የተገዛ ዕቃ ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ ቢመስልም ሥራውን የምናነብበትን መንገድ ይለውጣል።

1. ምናለሽ ተራና የዕቃ ጉዞ

መርካቶ ዛሬ ባለበት ስፍራ የተመሠረተው በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት የከተማይቱ ዋና ገበያ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ወራሪው ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ ስሙም በኢጣልያንኛ «ገበያ» ማለት የሆነው ቃል ሆኖ ቀረ። ይሁን እንጂ በመለያየት ዕቅድ የተወለደው ስፍራ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሰው የሚገናኝበት ሆነ። ነጋዴውም በየሸቀጡ ተሰባስቦ ተራ ያዘ፤ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጆንያ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ ተሰየመ።

ለርእሰ ጉዳያችን ዋነኛው ምናለሽ ተራ ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ «ምን አለሽ?»። እዚህ የሚደርስ አሮጌ ዕቃ ረዥም መንገድ የተጓዘ ነው። በየመንደሩ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ገዢ፣ ጥሪው «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው፣ ጠርሙሱን፣ ጣሳውን፣ የተበላሸውን ሬዲዮ ከቤት እመቤቷ ጋር ተከራክሮ ይገዛል። «ልዋጭ!» ባዩ ደግሞ በአሮጌው ልብስ ፈንታ አዲስ የቤት ዕቃ ይሰጣል። መርካቶ ሲደርስ ሁሉም በየዓይነቱ ተለይቶ እንደገና ዋጋ ይቆረጥለታል። በባለሙያ እጅ በርሜሉ የከሰል ምድጃ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ የመኪና ጎማው በርባሶ ይሆናል።

አማርኛ ይህን ጉዞ ደረጃ በደረጃ ያውቀዋል። «ቆሻሻ» የሚጣል ነው። «ቅራቅንቦ» ገና ያልተጣለ፣ ጥቅሙም ያልለየለት ነው። «አሮጌ ዕቃ» ገዢ ይጠብቃል። «ልባሽ» ደግሞ ቀድሞ ሌላ ሰው እንደለበሰው በስሙ ይመሰክራል። «የተገኘ ዕቃ» የሚለው የውሰት ስያሜ እነዚህን ደረጃዎች ሁሉ ደፍጥጦ አንድ ያደርጋቸዋል። በመካከል ያሉትን ሻጭ፣ ለዋጭ፣ ለቃሚና ቀጥቃጭም ከታሪኩ ያስወጣቸዋል።

2. ከሸራ ወደ ቁስ

በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዘመናዊው ሥዕላችን ዋና መሠረት ሆኗል። በዚያ ካስተማሩት መካከል ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ ሠዓሊም ባለቅኔም፣ በጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ የድሆችን የቆርቆሮ ቤቶች ሥሏል። በእነዚህ ሥዕሎች ቆርቆሮው በቀለም ተወክሎ ይታያል።

ቁሱ ራሱ መናገር የጀመረበትን ሂደት በሌሎች ሠዓልያን ሥራ መከታተል ይቻላል። እስክንድር ቦጎሲያን ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል፤ የልጡ ሻካራነትና መጨማደድ የሥዕሉ አካል ነው። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ የቀርከሃ ስንጥቅ ጎን ለጎን እየደረደረ ሥሎበታል። በዚህ ረገድ የሠዓሊው ሰሌዳ ከሸማኔው ዕቃ ጋር ይዛመዳል፤ ቁመቱ የረዘመው ቅርጽም የብራና ክታብን ያስታውሳል። ዘሪሁን እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር በተካሄደው የሥነ ጥበብ ቢያናሌ ተሸላሚ ሆኗል። ልጡም ቀርከሃውም ከተፈጥሮ የመጡ ናቸው። ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ሲተላለፍ የኖረው የገበያ ዕቃ ቦታውን የያዘው ከእነርሱ በኋላ በመጣው ትውልድ ሥራ ነው።

3. የኤልያስ ስሜ ሥራዎች

ኤልያስ ስሜ እ.ኤ.አ. በ1968 በአዲስ አበባ ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። በቀደሙት ሥራዎቹ ሸራ ላይ ክር በመርፌ ይሰፋል፤ የልብስ ቁልፍ፣ የጠርሙስ ክዳንና ሌላም ቅራቅንቦ ይጠቀማል። ኋላ ግን «ታይትሮፕ» በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ ወደ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ዞረ። ከመርካቶ ያሰባሰበውን የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደ ስፌት ይጎነጉናል፤ የኮምፒዩተር መክተቢያ ፊደላትንና የወረዳ ሰሌዳዎችን እየደረደረ በእንጨት ገበታ ላይ ያያይዛል። ርእሱ በገመድ ላይ የሚራመድን ሰው ሚዛን ያመለክታል።

ከሩቅ ሲታዩ ብዙዎቹ ገበታዎች ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ እርሻ ይመስላሉ፤ የታረሰ መሬት፣ ድንበር፣ የወንዝ መሄጃ። ቀረብ ሲሉ መስኩ ይበተንና ሽቦው፣ ብየዳው፣ የተፋቀው ፊደል ይወጣል። ለቅኔ ተማሪ ይህ ሁለት ገጽታ እንግዳ አይደለም፤ የሰምና ወርቅን አካሄድ ይመስላል። ልዩነቱ ግን መታየት አለበት። በቅኔ ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ አገልግሎቱን ጨርሷል፤ በኤልያስ ገበታ ግን ተመልካቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በተራመደ ቁጥር አንዱ ሌላውን ይተካል፤ ሁለቱም አይቀልጡም። አንድ ሰው ደብዳቤ የጻፈበት መክተቢያ የመስክ አረንጓዴ ሲሆንም መክተቢያነቱን አይተውም። የቁስ ትዝታ የምንለው ይህንኑ ነው።

ይኸው አስተሳሰብ በሕንፃም ተገልጿል። ኤልያስ ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ አካባቢ ሲከፈት ግድግዳው የተሠራው በጭቃና በጭድ ነበር። ጭቃ ማቡካት ማንኛውም የገጠር ቤት ሠሪ የሚያውቀው ሙያ ነው፤ እዚህም ሙያው ከነባለሙያው ወደ ሥነ ጥበቡ ገብቷል።

4. ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር

ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1917 «ምንጭ» ብሎ ለዐውደ ርእይ ያቀረበው የሸክላ መሽኛ ማንም ያልተገለገለበት የፋብሪካ ውጤት ነበር። ጥያቄው «ሥነ ጥበብ ምንድን ነው?» የሚል ነበር፤ ዕቃው የሚያስታውሰው ሰው አልነበረውም። ለጉዳያችን የሚቀርበው ጀርመናዊው ኩርት ሽቪተርስ ነው። የትራም ቲኬትና የወዳደቀ ወረቀት እየለጠፈ ለሠራቸው ሥራዎች «ሜርትስ» የሚል ስም የሰጠው «ኮሜርትስ»፣ ማለትም «ንግድ»፣ ከሚለው ቃል ላይ ቆርጦ ነው። የኢጣልያንኛው «መርካቶ» እና ይህ ቃል በላቲን አንድ ሥር አላቸው። ሆኖም ሽቪተርስ ያነሣው ባለቤት ያጣውን ሲሆን፣ ኤልያስ የሚያገኘው ባለቤት ያለውን፣ ዋጋም የተጠራበትን ነው። ለረዥም ዓመታት ናይጄሪያ ውስጥ የሠራው ጋናዊው ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳኖችን በሽቦ እያያያዘ እንደ ጨርቅ ሲዘረጋቸው ንግድና የሰው እጅ አብረው ይታያሉ፤ ለኤልያስ ይበልጥ የሚቀርበውም እርሱ ነው።

ማጠቃለያ

የኤልያስ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በቬኒስ ቢያናሌ ታይተዋል፤ በአሜሪካ ሙዚየሞችም ይገኛሉ። ከአንድ ሥራ ጎን የሚሰፍር አጭር መግለጫ የቁሱን ዓይነት ይናገራል፤ «የኤሌክትሪክ ሽቦ» ይላል። ቆራሌው፣ ምናለሽ ተራና የዋጋው ክርክር ለመግለጫው አይበቁም። ይህን መሙላት የእኛ ሥራ ነው፤ ቃላቱ ያሉት በእኛ ቋንቋ ነውና።

ጊዜውም አይጠብቅም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ አካባቢ የተነሣው ቃጠሎ አንድ ተራ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቷል። ተራ ሲበተን የዕቃው፣ የሥራውና የመደራደሪያው ስያሜ አብሮ ይበተናል። የሥነ ቃል ትምህርታችን የለቅሶ ግጥምና ተረት እንደሰበሰበ ሁሉ የምናለሽ ተራን ቃላት፣ ከሻጩና ከቀጥቃጩ አንደበት፣ ከነአገባባቸው መሰብሰብ ይኖርበታል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ከዚህ ቢጀምር ለሥነ ልሳንም ለሥነ ጥበብ ታሪክም ይጠቅማል። አለበለዚያ ገበታዎቹ በሙዚየም ተጠብቀው ሲኖሩ የተሠሩበትን ዕቃ በስሙ የሚጠራ ሰው ይጠፋል።