ጭቃና ድንጋይ ያልበገራቸው ብስክሌተኞች

ባለፈው ጥር፣ ዝናቡ ካባራ በሁለተኛው ቀን፣ አራት ጓደኛሞች ከቂርያት ማላኪ ተነስተን ብስክሌታችንን ይዘን ወደ ማላኪም ደን ወጣን። ሲንግሉ ጠባብ ነው፤ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አንዱ ጓደኛችን ቁልቁለቱ ላይ የፊት ፍሬኑን ጨምቆ ያዘና ወደቀ። ክርኑ ተላጠ። ተነስቶ አቧራውን እያራገፈ፣ «ይሄ እኮ የእኛ ነገር አይደለም፤ የእኛ ሩጫ ነው» አለ። ብስክሌቱን እየገፋ ተመለሰ።

ክርኑ ሳይሆን ንግግሩ አሳሰበኝ። እውነት የእኛ ነገር አይደለም? ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ።

የዓድዋ ድል በተገኘበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች በብስክሌት ተራራ መውጣት ጀመሩ። ጦሩ ብስክሌት ፈረስን ይተካ እንደሆነ ሊፈትን ፈልጎ ነው። በ1897 ሃያ ወታደሮች ጄምስ ሞስ በሚባል ነጭ መኮንን እየተመሩ ከሚዙላ ተነስተው ሴንት ሉዊስ ገቡ። ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ በ41 ቀን! ጠመንጃና ስንቅ ተሸክመዋል፤ ብስክሌቱ ማርሽ መቀየሪያ የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ አላሽከረክር ስላላቸው እየገፉና እየተሸከሙ ሄዱ። በኋላ ጦሩ ሐሳቡን ተወው እንጂ እነሱ መንገዱን ጨርሰዋል።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። እዚያ የሄዱት ሯጮች ብቻ ይመስሉን ነበር። ታዲያ ብስክሌተኞችም ነበሩ! ገረመው ደንቦባ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣ፣ ቡድኑ ደግሞ 9ኛ ሆነ። ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ዛሬ የምንጋልበው የተራራ ብስክሌት የተወለደው ግን በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ ተራራ ላይ ነው። ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች እየጠጋገኑ ቁልቁል ይለቁ ነበር። በ1977 ጆ ብሪዝ ለተራራ ብቻ የተሠራ ብስክሌት ሠራ፤ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። ማለት የማንም ርስት አይደለም፤ ጓደኛሞች ተሰብስበው የፈጠሩት ነገር ነው።

ይህን ለአባቴ ስነግረው ሳቀ። እሱ በልጅነቱ ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። «እርጥብ ድንጋይ ላይ እግርህ ሥር አትይ፤ ወደምትሄድበት እይ» አለኝ። የሚገርመው፣ ብስክሌት ያስተማረን ልጅም ያለን ይህንኑ ነው! የጎማውን አየር ትንሽ ቀንሱ፣ ክብደታችሁን ወደ ኋላ አድርጉ፣ ፍሬኑን በልስላሴ ያዙ፣ ዓይናችሁ ከፊት ይሁን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው?

አንድ አደራ አለኝ፦ ከባድ ዝናብ እንደዘነበ አትውጡ። የእኛ አካባቢ ጭቃ ይጣበቃል፤ ጎማው የቆፈረው ቦይ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆንና ከኋላ የሚመጣውን ይጥላል። አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ።

የጓደኛዬ ክርን ድኗል። ብስክሌቱ ግን እስከ ዛሬ እኛ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ፍሬኑን አስተካክዬለታለሁ፣ ሰንሰለቱንም ቀብቻለሁ። ይህን ጽሑፍ ካነበበ፣ ዓርብ ጠዋት በር ላይ እጠብቀዋለሁ።